አንድ ሚሊዮን ኳስ፦ የላስ ቬጋሱ ልጅ የአንድሬ አጋሲ ታሪክ

ለዛሬው የንባብ ትምህርታችን ይዘንላችሁ የቀረብነው የአንድ የከተማችንን ልጅ ታሪክ ነው። ሎን ማውንቴንን ወጥታችሁ የምታውቁ ልጆች፣ ከላይ ሆናችሁ ስታዩ ከተማው እስከ ስትሪፑ ድረስ ተዘርግቶ ይታያችኋል አይደል? ይህ ልጅ የተወለደውም ያደገውም እዚያ ውስጥ ነው። እኛ የምናውቀውን ፀሐይና ደረቅ ንፋስ እሱም ያውቀዋል። አባቱም እንደ እናንተ ወላጆች ባሕር ተሻግረው የመጡ ሰው ነበሩ። ስሙ አንድሬ አጋሲ ይባላል። ከእናንተ መካከል ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ይኖር ይሆናል፤ አባትና እናቶቻችሁ ግን ደህና አድርገው ያውቁታል፤ ጠይቋቸው።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብቡት፤ መጀመሪያ ለብቻችሁ፣ ቀጥሎ ከወላጆቻችሁ ጋር። ከበድ የሚሉት ቃላት መጨረሻ ላይ ተፈትተዋል። የተጠቀሱት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መልካም ንባብ!

ከቴህራን እስከ ላስ ቬጋስ

አንድሬ የተወለደው ኤፕሪል 29 ቀን 1970 ነው። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 21 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ለቤቱ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር።

አባቱ አቶ ማይክ አጋሲ ያደጉት ኢራን ውስጥ ሲሆን የዘር ሐረጋቸው አርመንና አሦር ነው። አርመኖችን እኛም እናውቃቸዋለን። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው፣ «አርባ ልጆች» የሚባሉት ወጣት ሙዚቀኞች አርመኖች ነበሩ። አቶ ማይክ በልጅነታቸው ቴህራን ከተማ ውስጥ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮች ቴኒስ ሲጫወቱ ያዩና ልባቸው እዚያው ይቀራል። የታወቁት ግን በቦክስ ነበር። በ1948 ለንደን ላይ፣ በ1952 ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ በተደረጉት የኦሎምፒክ ጨዋታዎች ኢራንን ወክለው ተጋጥመዋል። ሜዳሊያ ግን አልቀናቸውም። ለማነጻጸር ያህል፣ አገራችን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የገባችው ከዚያ በኋላ፣ በ1956 ሜልበርን ላይ ነው።

አቶ ማይክ ከኦሎምፒኩ በኋላ አሜሪካ ገቡ። መጀመሪያ ቺካጎ ኖሩ፤ በኋላ ወደ ላስ ቬጋስ መጡና የካሲኖ ሆቴል ሠራተኛ ሆኑ። የካሲኖ ሥራ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ለወላጆች መንገር አያስፈልገኝም። ሰውዬው በሰው አገር ደፋ ቀና ሲሉ አንድ ሕልም በልባቸው ይዘው ነበር። ከልጆቻቸው አንዱ በቴኒስ ከዓለም 1ኛ እንዲሆን። ታላላቆቹን ልጆች ሞከሩ፤ ሕልማቸው ያሰቡትን ያህል አልሞላም። የቀረው የመጨረሻው ልጅ ነበር።

«ዘንዶው»

አንድሬ ገና ሕፃን ሳለ ከአልጋው በላይ የቴኒስ ኳሶች ተንጠልጥለውለት ነበር። እጁ ላይ የፒንግ ፖንግ መምቻ በፕላስተር ታስሮለት እነሱን እንዲመታ ይደረግ ነበር። ሌላው ሕፃን ፊኛና መጫወቻ ሲይዝ እሱ የያዘው ይህን ነው።

ከፍ ሲል ደግሞ አቶ ማይክ በጓሯቸው ውስጥ የቴኒስ ሜዳ ሠሩ። ሜዳው ላይ ኳስ የሚተፋ ጥቁር ማሽን አቆሙ። ማሽኑን ራሳቸው ነካክተው ጉልበቱ እንዲጨምር አድርገውታል። አንድሬ በልቡ «ዘንዶው» ብሎ ሰይሞት ነበር። ዘንዶው ኳሱን የሚተፋው በሰዓት 110 ማይል ፍጥነት ነው። ፍሪዌይ ላይ ከምንነዳው እጅግ ይፈጥናል ማለት ነው። ፊት ለፊት የቆመው ደግሞ የ7 ዓመት ልጅ ነው!

ልጆች፣ እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ፤ ልብ በሉ። ማሽኑ ከፍ ብሎ ስለቆመ ኳሱ ከላይ ወደ ታች ይወርድና መሬት ነክቶ ሽቅብ ይነጥራል። አንድሬ ፈጥኖ ወደፊት ገብቶ፣ ኳሱ ገና በመነሣት ላይ እያለ ካልመታው ከራሱ በላይ ያልፈዋል። መረቡም ከደንቡ 6 ኢንች ከፍ ተደርጎ ነበር የተወጠረው። ከፍ ያለውን መረብ የለመደ ልጅ ትክክለኛው መረብ አይከብደውም ነው ነገሩ። አንድሬ ካደገ በኋላ በዓለም ላይ ኃይለኛ ሰርቭ በመመለስ ወደር አልተገኘለትም ሲባል፣ ምሥጢሩ ከዚህ ጓሮ ነው የጀመረው።

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቁጥር ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እስቲ አብረን እናስላ። አንድሬ በቀን 2,500 ኳስ እንዲመታ ይጠበቅበት ነበር። በሳምንት 17,500 ይሆናል። በዓመት ደግሞ 912,500፣ ማለትም ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ኳስ! አባትየው በዓመት ሚሊዮን ኳስ የሚመታን ልጅ የሚያሸንፈው አይኖርም ብለው ያምኑ ነበር። አንዱን ኳስ ለመምታት 4 ሰከንድ ብቻ ይፈጃል ብንል እንኳ 2,500ው ኳስ 10,000 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይወስዳል። የተበተነውን ኳስ መልቀሙ ሳይቆጠር ነው ይህ። የቤት ሥራ የት ገባ? እንደ ልጅ ከጓደኛ ጋር መሯሯጥስ?

ያልተጠየቀው ጥያቄ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንላለን። ልፋቱ ፍሬ ማፍራቱ አልቀረም። አንድሬ በዕድሜ የሚበልጡትን ልጆች ያሸንፍ ጀመር። የዘመኑ ዝነኛ ተጫዋች ጂሚ ኮነርስ ወደ ቬጋስ ሲመጣ አቶ ማይክ ራኬቱን ይወጥሩለት ስለነበር፣ ትንሹ አንድሬ ገና በ4 ዓመቱ ከእሱ ጋር ኳስ ለመቀባበል በቅቷል። 9 ዓመት ሲሞላው ደግሞ አባቱ የአሜሪካን ፉትቦል ጀግናውን ጂም ብራውንን ከልጄ ጋር ተጋጠም አሉት። ቤታቸውን ሳይቀር ለውርርድ ሊያስይዙ ተነሥተው ነበር። በመጨረሻ በ500 ዶላር ተወራረዱ። ማን አሸነፈ መሰላችሁ? የ9 ዓመቱ ልጅ!

ታሪኩን ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን እስቲ አንድ ጊዜ በአንድሬ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ብትሸነፉስ? የቤተሰቡ ተስፋ ሁሉ በአንድ ልጅ ራኬት ላይ ሲንጠለጠል ምን ያህል ይከብዳል?

አንድሬ በ2009 «ኦፕን» የሚል የሕይወት ታሪኩን መጽሐፍ አሳተመ። እዚያ ላይ ብዙ ሰው ያልጠበቀውን ነገር ጻፈ። ቴኒስን ይጠላው ነበር! ለምን አላቆመም ታዲያ? አባቱን ይፈራቸዋል፤ ይወዳቸዋልም። ሌላ የሚያውቀው ነገርም አልነበረም። መጫወት ትፈልጋለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እሱም አልፈልግም ብሎ ለመናገር አልደፈረም። አባትና ልጅ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ፣ በየቀኑ ሜዳ ላይ አብረው እየዋሉ፣ ዋናውን ነገር ሳይነጋገሩ ዓመታት አለፉ።

ፍሎሪዳ

አንድሬ 13 ዓመት ሲሆነው ከቤት ወጥቶ ፍሎሪዳ ውስጥ ብራደንተን ወደሚገኘው የኒክ ቦለቲየሪ የቴኒስ ማሠልጠኛ ተላከ። የአቶ ማይክ ገንዘብ የሚበቃው ለ3 ወር ብቻ ነበር። አሠልጣኙ ግን ልጁ ጥቂት ደቂቃ ሲጫወት እንዳዩ ለአባቱ ደወሉና ገንዘቡ ይመለስልዎት፣ ልጁ በነጻ ይማራል አሏቸው። እንግዲህ ተሰጥኦ ማለት ይህ ነው።

ለአንድሬ ግን ይህ የምሥራች አልነበረም። ከ3 ወር በኋላ ቤቱ የሚመለስ መስሎት ነበር። ሲቀር ጊዜ አመፀ። ጆሮውን ተበስቶ ሎቲ አደረገ፤ ጸጉሩን ቀለም ተቀባ፤ በጂንስ ቁምጣ ቴኒስ ይጫወት ጀመር። ሰው ሁሉ «ቅብጠት ነው» አለ። ልጅ ግን በአፉ መናገር ያልቻለውን በጸጉሩና በልብሱ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ትምህርቱንም 9ኛ ክፍል ላይ አቋረጠ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፈጣን ዕድገት

በ1986 አንድሬ በ16 ዓመቱ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ብራዚል ውስጥ ኢታፓሪካ ላይ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ። በ1988 ብቻ 6 ውድድሮችን አሸንፎ ዓመቱን ከዓለም 3ኛ ሆኖ ጨረሰ። ያኔ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ጠቅላላ የሽልማት ገንዘቡ 1 ሚሊዮን ዶላር አለፈ።

በቴኒስ 4 ታላላቅ ውድድሮች አሉ፦ የአውስትራሊያ፣ የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝ (ዊምብልደን የሚባለው) እና የአሜሪካ። አራቱም በአንድነት ግራንድ ስላም ይባላሉ። አንድሬ በ1990 በፈረንሳይና በአሜሪካ፣ በ1991 እንደገና በፈረንሳይ ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ተሸነፈ። «ጸጉር ብቻ ነው፤ ልብ የለውም» የሚሉ በዙ።

በ1992 ግን ዊምብልደን ላይ ለፍጻሜ ደረሰ። የገጠመው በብርቱ ሰርቩ የታወቀው የክሮኤሺያው ጎራን ኢቫኒሴቪች ነበር። ያ ሁሉ የ«ዘንዶው» ኳስ የጠቀመው ይኼኔ ነው። ጨዋታው 5 ዙር ፈጀና አንድሬ አሸነፈ። (በቴኒስ ቋንቋ «ሴት» የሚባለውን እኛ «ዙር» ብለነዋል። አለበለዚያ «አራተኛዋን ሴት ተሸነፈ» ብለን ስንሳሳቅ ልንውል ነው!)

ከለንደን የተደወለ ስልክ

አንድሬ ዋንጫውን እንደያዘ ላስ ቬጋስ አባቱ ጋ ደወለ። አባቱ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «እንኳን ደስ አለህ»? «ጎሽ የኔ ልጅ»? የለም። መጀመሪያ ያነሡት አራተኛውን ዙር መሸነፉን ነው፤ መሸነፍ አልነበረብህም አሉት። ልጁ ደነገጠ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ሰማ። አባቱ እያለቀሱ ነበር። ኮርተውበታል፤ በቃል ማውጣቱን ግን አልቻሉበትም።

ወላጆች፣ ይህን ክፍል ስታነቡ ምን ተሰማችሁ? እኛ አገር ስንቱ አባት ነው ልጁን ለጎረቤት ሲያመሰግን ውሎ፣ ልጁ ፊት ሲሆን ዝም የሚለው?

ውድቀትና ምርጫ

አንድሬ በ1995 ከዓለም 1ኛ ሆነ። የአባት ሕልም ተፈጸመ ማለት ነው። ታሪኩ ግን እዚህ አላበቃም። 1ኛ መሆኑ ደስታ አላመጣለትም፤ ሕልሙ የሱ አልነበረማ! በ1997 ሕይወቱ ተዘበራረቀ፤ በኋላ በመጽሐፉ ራሱ ያመናቸውን ጥፋቶች ሠራ። ደረጃው ከ1ኛ ወርዶ ወርዶ 141ኛ ሆነ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ ብዙ ሰው «አለቀለት» ብሎ ጻፈበት።

27 ዓመቱ ነበር። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ጠየቀ፦ እኔስ መጫወት እፈልጋለሁ? መልሱ አዎ ሆነ። ይህ የራሱ መልስ ነበር። ወደ ትናንሾቹ ውድድሮች ወርዶ እንደ ጀማሪ ጀመረ። አንደኛው ውድድር እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ በዩኒቨርሲቲው ሜዳ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነጥቡ በእጅ በሚገለበጥ ሰሌዳ ላይ ሲጫወት አስቡት! አላፈረም። በ1998 መጨረሻ 6ኛ ደረሰ። በ1999 በፈረንሳይ ፍጻሜ የመጀመሪያዎቹን 2 ዙሮች ተሸንፎ፣ የቀሩትን 3 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚህም አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች በማሸነፍ በታሪክ 5ኛው ወንድ ሆነ። ዓመቱንም እንደገና ከዓለም 1ኛ ሆኖ ጨረሰ። በ2006 በ36 ዓመቱ ሲሰናበት በእጁ 8 የግራንድ ስላም ድሎች ነበሩ።

ሁለት አባቶች፣ ሁለት ወርቆች

በ1996 አትላንታ ኦሎምፒክ አንድሬ በቴኒስ ወርቅ አገኘ፤ አባቱ በቦክስ ያጡትን ሜዳሊያ። በዚያው ኦሎምፒክ የእኛው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር፣ ፋጡማ ሮባ በማራቶን ወርቅ ማምጣታቸውን ወላጆቻችሁ አይረሱትም።

የኃይሌና የአንድሬ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። ኃይሌ አሰላ አካባቢ የገበሬ ልጅ ሆኖ ሲያድግ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ ሲመለስም እንዲሁ። አባቱ ግን ሩጫን ሥራ ብለው አልተቀበሉትም፤ ልጃቸው እንዲሮጥ አይፈልጉም ነበር። አንደኛው አባት ልጁን ገፋ፤ ሌላው ከለከለ። ሁለቱም ልጆች አትላንታ ወርቅ ላይ ደረሱ። ልዩነቱ ኃይሌ ሲጀምር ጀምሮ ለምን እንደሚሮጥ ማወቁ ነው። አንድሬ ግን ለምን እንደሚጫወት ለማወቅ 27 ዓመት ፈጀበት።

የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ትምህርት ቤት ሠራ

ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አስታወሳችሁ? አንድሬ ትምህርቱን ማቋረጡ ይቆጨው ነበር። በ1994 የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። በ2001 ደግሞ እዚሁ ምዕራብ ላስ ቬጋስ፣ ችግረኛ ቤተሰብ በሚበዛበት ሰፈር፣ ልጆች ሳይከፍሉ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በ2009 ተመረቁ። በ2016 አስተዳደሩ ለሌላ የትምህርት ድርጅት ተላልፏል። በሚሊዮን የሚቆጠር ኳስ የመታ እጅ፣ ራሱ ያጣውን ነገር ለሌሎች ልጆች ሰጠ።

በ2001 ያገባት ሽቴፊ ግራፍም የቴኒስ ንግሥት ነበረች፤ እሷንም በሕፃንነቷ ያሠለጠኗት አባቷ ናቸው። ሁለቱ ግን የራሳቸውን ልጆች ቴኒስ ተጫወቱ ብለው አላስገደዱም። ወንዱ ልጃቸው ቤዝቦል መረጠ። አቶ ማይክ በ2021 በ90 ዓመታቸው አርፈዋል።

ለወላጆች አንድ ቃል

አቶ ማይክን ክፉ አባት ናቸው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ እንደዚያ አላያቸውም። የስደተኛ አባት ናቸው። ብዙዎቻችን ታክሲ እየነዳን፣ ካሲኖ እየሠራን ያጣነውን ሁሉ ልጆቻችን እንዲያገኙት እንመኛለን። «ዶክተር ሁን፣ ኢንጂነር ሁኚ» የምንለው ከፍቅር ነው። ማትጋትም ተገቢ ነው፤ ያለ ልፋት ማንም የትም አይደርስም። ቅዳሜ ጠዋት አልጋቸው ውስጥ መቆየት የሚፈልጉትን እነዚህን ልጆች አማርኛ ተማሩ ብላችሁ ስታመጧቸውም ተመሳሳይ ነገር ነው። ግን እግረ መንገዳችሁን መኪና ውስጥ ጠይቋቸው። «ምን ደስ ይልሃል? ምን ይከብድሻል?» በሉ። መልሱን ደግሞ እስከ መጨረሻው ስሙ። ጎበዝ ሲሆኑም «ጎሽ» በሉ፤ ጮክ ብላችሁ፣ እነሱ ፊት።

እናንተም ልጆች፣ የከበዳችሁን ነገር በአክብሮት መናገር ብልግና አይደለም። ወላጆቻችሁ ካልነገራችኋቸው እንዴት ያውቃሉ?

የቃላት ፍቺ

ዘንዶ፦ በጣም ትልቅ እባብ፤ በተረት ውስጥ እሳት የሚተፋ አውሬ
ተሰጥኦ፦ ከተፈጥሮ የተገኘ ችሎታ
ውርርድ፦ ያሸነፈ ገንዘብ ወይም ንብረት እንዲወስድ የሚደረግ ስምምነት
አመፀ፦ አልታዘዝም አለ
ምሳር፦ እንጨት መቁረጫ፣ መጥረቢያ
ማትጋት፦ በርታ ብሎ እንዲሠራ ማድረግ

የሰዋስው ማስታወሻ

«መታ» ማለት ራሱ መታ ማለት ነው። «አስመታ» ሲሆን ግን ሌላውን እንዲመታ አደረገ ማለት ነው። እንደዚሁም፦ መረጠ – አስመረጠ፤ ጀመረ – አስጀመረ፤ ለቀመ – አስለቀመ። የአንድሬ ልጅነት የ«አስ-» ልጅነት ነበር፤ አባቱ አስጀመሩት፣ አስመቱት። ከ27 ዓመቱ በኋላ ግን ራሱ ጀመረ፣ ራሱ መታ፣ ራሱ መረጠ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድሬ በልቡ ማሽኑን ምን ብሎ ሰየመው? ለምን ይመስላችኋል?
2. በቀን 2,500 ኳስ የሚመታ ልጅ በ30 ቀን ስንት ኳስ ይመታል?
3. መረቡ ከደንቡ ከፍ መደረጉ ምን ጠቀመ?
4. አቶ ማይክ በስልክ ሲናገሩ ለምን አለቀሱ?
5. «ሠራ»ን እና «ጻፈ»ን ሌላውን በሚያስደርግ መልክ ጻፉ። (ፍንጭ፦ አንደኛው «አስ-» አይፈልግም!)
6. ከወላጅ ጋር የሚሠራ፦ ልጅ ወላጁን «በልጅነትህ፣ በልጅነትሽ ምን መሆን ይፈለግ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ወላጅም ልጁን ይጠይቅ። ሁለቱም መልሳቸውን በአማርኛ በ5 መስመር ጽፈው በሚቀጥለው ሳምንት ይዘው ይምጡ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ በርቱ፤ ደህና ሰንብቱ።